ጋሪ የተወዳደረበት የመርከብ ጨረታ

መርከብ መርጣችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ፤ የምሬን ነው የምጠይቃችሁ። እኔ መርጫለሁ። ያውም ናዝሬት ተቀምጬ።

ዛሬ አዳማ የምንላትን ከተማ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ስሟ ይለወጥ እንጂ ባሕር ያኔም አልነበራት፣ ዛሬም የላትም። የናዝሬት ሰው ውኃ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የሶደሬ ፍልውኃ ነው። ከዚያ የቆቃ ግድብ ይከተላል። ከዚያ ደግሞ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚጠፋ የቧንቧ ውኃ። መርከብ ግን ከየት መጥቶ! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኛ ከዚያ ጅብም እንብሳለን። እሱ ቢያንስ ቁርበት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ለነገሩ እኔ እንኳን መርከብ፣ ሐብሐብ መምረጥም አልችልበት። የመቂ መንገድ ላይ ሰዎች ሐብሐቡን ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ሲደግኑ አይቼ እኔም ኳ ኳ አደርጋለሁ። ሁሉም ኳ ኳ ይላል። ምን እንዳዳምጥ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቤት ወስጄ ስቆርጠው ነጭ ነው። እንግዲህ መርከብ እንድመርጥ የታዘዝኩት ይኼው ሰውዬ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለገበሬ ማዳበሪያ የሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ናዝሬት ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር የምሠራው። ዘመኑ የደርግ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ በመርከብ አሰብ ይገባል፤ ከአሰብ በከባድ መኪና ናዝሬት መጋዘን ይመጣል፤ ከናዝሬት ወደ አርሲና ወደ ሌላውም ይበተናል። መርከቡን የሚከራየው አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ አዲስ መመሪያ ወረደ። ውሳኔ ለሥራው ቅርብ በሆነ አካል ይሰጥ ተባለ። መጋዘኑ የት ነው? ናዝሬት። እንግዲያው የመርከቡን ጨረታ የሚገመግመው ኮሚቴ ከናዝሬት ቅርንጫፍ ይውጣ! ወጣ። እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ለምን እኔ? የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ።

በዚህ ላይ የእኔ ጣጣ ነበር። ጣጣዬ ብርቄ ትባላለች።

ብርቄ ታይፕ ልትማር ከሁሩታ ናዝሬት መጥታ አክስቷ ቤት የተቀመጠች ልጅ ነች። የተዋወቅነው በቀበሌው የውይይት ክበብ ነው። ያን ጊዜ በየሳምንቱ እየተሰበሰብን እንወያይ ነበር። እንወያይ ነበር ማለት አንድ ሰው ያነባል፣ ሌሎቻችን እናንቀላፋለን። እኔ ሳንቀላፋ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ክርኔን ጎሸም አድርጋ፣ “አታንኮራፋ፣ እኔ የማንቀላፋበት አሳጣኸኝ” አለችኝ። በዚህ ተጀመረ። እኔ ከዚያ በኋላ ከውይይት ክበብ ቀርቼ አላውቅም። እንዲያውም በንቃቴ ተመሰገንኩ።

ነገሩ ሲጠና ወደ ሁሩታ ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ ሌሎች ሁለት አባቶችን ይዞ ሄደ። የብርቄ አባት ጋሽ ደገፋ የሁሩታ ስንዴ ገበሬ ናቸው። የአካባቢያቸው ገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበርም ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲስቁ ከሩቅ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት ቆመው “ልጅዎን ለልጃችን” አሉ። ጋሽ ደገፋ እንዲቀመጡ ጋበዟቸው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ “ለመሆኑ ልጁ ምን ይሠራል?” ብለው ጠየቁ። አጎቴ ደረቱን ነፍቶ “የማዳበሪያ መሥሪያ ቤት ነው!” አለ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ተበላሸ።

ለካስ ባለፈው ዓመት ማዳበሪያው ሁሩታ የደረሰው ለመስቀል ዋዜማ ኖሯል። ጋሽ ደገፋ በክረምት መግቢያ ገበሬውን ሰብስበው “ይመጣል፣ እኔ አለሁላችሁ” ብለው ነበር። ገበሬው ሳይዘራ ጠበቀ። ሲጨንቀው ያለ ማዳበሪያ ዘራ። ማዳበሪያው ከመጣ በኋላ ምን ይደረግበት? የአደይ አበባው ብቻ በጣም አማረበት አሉ። ጋሽ ደገፋ ገበያ በወጡ ቁጥር ሰው “ኦቦ ደገፋ፣ ማዳበሪያው ደረሰ ወይ?” እያለ በጥር በየካቲት ይቀልድባቸው ነበር። እና ይህን የመሰለ ሰው ፊት ቆሞ የማዳበሪያ መሥሪያ ቤት ነው ይባላል? አጎቴ ለሽምግልና የገባ መስሎት ነው እንጂ እሳት ቤት ውስጥ ጭድ ይዞ ነው የገባው።

ጋሽ ደገፋ ብዙ አልተቆጡም። “መሥሪያ ቤቱ አንድ ጊዜ በሰው ፊት አሳፍሮኛል። ልጄን ሰጥቼ ደግሜ አላፍርም” አሉ። “ዘንድሮ ማዳበሪያው ለሐምሌ ሥላሴ ሁሩታ ከደረሰ ሰርጉን እኔው እደግሳለሁ። ካልደረሰ ግን፣ ሽማግሎቼ፣ ደግማችሁ አትድከሙ።”

ሰማችሁ? የሰው አማት ጥሎሽ ይጠይቃል፤ የእኔው መርከብ ጠየቁ። እኔ ደግሞ መርከብ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። እግዜር እንዲህ አድርጎ ሲገጣጥም መልካም ይሁን ክፉ ቶሎ አይለይም። አጎቴ “እንግዲህ ፈጣኑን ምረጥ” አለኝ። ቀላል መስሎት ነው።

ኮሚቴው ዘንድ ልውሰዳችሁ። ሰብሳቢው የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ተክሌ ነው። ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ልቡ ግን ሁልጊዜ የተጨማደደ። ከመመሪያ ውጭ ሳል እንኳ አይስልም። ሁለተኛው ሱልጣን የትራንስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የቀድሞ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለሆነ መርከብ በዓይኑ ያየ ከመካከላችን እሱ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በየስብሰባው እንደ ካፒቴን ይቀመጣል። መርከብ ምን ይመስላል ብንለው “ፎቅ ነው፤ ግን አይቀመጥም” አለን። ሦስተኛው መላኩ ነው። ፖላንድ ተምሮ ገና መመለሱ ነው። ልጁ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሰው አክባሪ ነው። ይዞት የመጣው ነገር “የቅልጥፍና ትንተና” ይባላል።

ስሙ አያስደነግጣችሁ። መላኩ ለእኛም በሁለት ቀን ነው ያስረዳን። ሐሳቡ ይኼ ነው። አንድ መርከብ የሚበላው አለ፤ የሚሰጠው አለ። የሚበላው ነዳጅና የሠራተኛ ጉልበት ነው። የሚሰጠው የሚሸከመው ጭነት ነው። በትንሽ በልቶ ብዙ የሚሰጥ ቀልጣፋ ነው። እስከዚህ ማንም ገበሬ በሬ ሲገዛ የሚያስበው ነው። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። መላኩ እንዳለው፣ ሚዛኑን እኛ አንመርጥም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በሚያምርበት ጎኑ ነው የሚታየው። በነዳጅ ቁጠባ የሚኮራውን በነዳጅ እናየዋለን። በሠራተኛ ማነስ የሚኮራውን በዚያ እናየዋለን። በሚያምርበት ጎኑ እየታየም ሌላ ከበለጠው እንግዲያው ሰነፍ ነው። የሚያማርርበት የለውም።

እውነቴን ነው፣ እኔ ወደድኩት። እንዲህ ያለ ደግ ሒሳብ አይቼ አላውቅም። ሱልጣን “ይኼ የሽማግሌ ሥራ ነው” አለ። ልክ ነው። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ልጁ መልክ ከሌለው ጨዋነቱን፣ ጨዋነት ከሌለው ዘሩን፣ ዘር ከሌለው ጤናውን ነው የሚያወራው። የእኔ አጎት ብቻ ነው የማያምረውን ጎን መርጦ ያወጣው።

ለጨረታው ሦስት መርከቦች ቀረቡ። የግሪኩ፣ የዩጎዝላቪያውና የፓኪስታኑ ነበር የምንላቸው፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የግሪኩ ነዳጅ አይወድም፤ ቆጣቢ ነው። የዩጎዝላቪያው አዲስ ስለሆነ በጥቂት ሠራተኛ ይነዳል። የፓኪስታኑ ትልቅ ነው፤ የእኛን ማዳበሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። መላኩ ቁጭ ብሎ ሠራ። ሲሠራ ዋለ። አመሻሽ ላይ መነጽሩን አውልቆ ውጤቱን ነገረን።

የግሪኩ ሙሉ ነጥብ። የዩጎዝላቪያው ሙሉ ነጥብ። የፓኪስታኑ ሙሉ ነጥብ።

ጓድ ተክሌ ደስ አለው። ማንም አልወደቀም፤ ማንም አይከሰስም። ግን መርከብ መምረጥ አለብን አይደል? ሦስቱንም አንከራይ ነገር! እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኩል ሲስቁ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ይኼ ነገር ለእኛ ቀበሌ እንግዳ አይደለም። አንድ ጊዜ የጽዳት ውድድር ተደረገና ዳኞቹ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት ይጥላል? እትዬ አሰለፈች ግቢ ቆሻሻ ቢኖርም አበባ አለ፤ በአበባ አንደኛ። አቶ ሙሉጌታ ግቢ አበባ የለም፤ ግን ዶሮ ስለሌለ ኩስ የለም፤ በዶሮ አለመኖር አንደኛ። የእኛ ግቢ ምንም የለውም፤ በአጥር አንደኛ ወጣን። አጥሩ የጎረቤት ነበር። ቀበሌው ሽልማት አጥሮት ለሁላችንም አንድ አንድ መጥረጊያ ሰጠን። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን በእርግጥም ጸዳ። ስለዚህ ዘዴው አይሠራም አልልም።

መላኩን “እንግዲህ ምን ይሻላል?” አልነው። ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው አለ። ጥቂት ሲሆኑ ሁሉም የሚኮራበት አያጣም። ብዙ ሲሆኑ ግን በሚኮራበት የሚበልጠው ይመጣበታል። መፍትሔው ተወዳዳሪ መጨመር ነው። ይህን ተናግሮ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ወባ ጣለው። የወንጂ ትንኝ ፖላንድ የተማረ ያልተማረ አትለይም።

እኛ ቀረን። “ተወዳዳሪ ጨምሩ” ብሎን ሄዷል። ጨረታው ግን ተዘግቷል። ሌላ መርከብ ከየት እናምጣ? ቀኑ እየሄደ ነው። እኔ በመካከል “መቼ ይደርሳል የሚለውንስ ለምን አናስገባም?” አልኩ። ልቤ ሌላ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ጓድ ተክሌ መመሪያውን ገልጦ አየ። ነዳጅ፣ ሠራተኛ፣ ጭነት። “የመድረሻ ቀን በመስፈርቱ ውስጥ የለም፣ ጓድ” አለኝ። ባይኖርም እናስገባው አልኩ። ያስገባነው እኛ ብንሆንና ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ማን ይጠየቃል? አለ። ይህችን ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ጓድ ተክሌን የሚያነቃንቅ ኃይል የለም።

መላኩ ቤት ሮጥኩ። ብርድ ልብስ ተደራርቦበት ይንቀጠቀጣል። “መላኩ፣ የመድረሻው ቀንስ?” አልኩት። ዓይኑን ገለጠና “ተወዳዳሪ... ጨምሩ...” አለ። “ገባኝ፣ ግን ቀኑስ?” “ተወዳዳሪ...” ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጌለት ተመለስኩ። እኔ እያላበኝ ሄጄ፣ እሱን እያላበው ትቼው መጣሁ።

ስመለስ ሱልጣን መፍትሔ አግኝቷል። ተወዳዳሪ ማለት መርከብ ይሁን ያለ የለም፤ ጭነት የሚሸከም ይሁን እንጂ አለ። ከባድ መኪናውን ኤንትሬውን አስገባው። እሱን ራሱ ዕድሜ ልኩን ስለነዳው አሞግሶ አይጠግብም። ኤንትሬው ግን በሚሸከመው ልክ ሲሰላ በሦስቱም ነገር ተበለጠ። ሱልጣን ከፋው። ባቡሩም ይግባ ተባለ፤ እሱም ምንም አልለወጠም። ያን ጊዜ በመስኮቱ ሥር አንድ ጋሪ ቸከል ቸከል እያለ አለፈ። ናዝሬት ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ ጋሪ ካላለፈ ከተማው ሌላ ነው ማለት ነው። ሁላችንም ወደ ውጭ አየን።

ማን መጀመሪያ እንደተናገረው እስከ ዛሬ እንጣላለን። እኔ ሱልጣን ነው እላለሁ፤ እሱ ጓድ ተክሌ ነው ይላል። ብቻ ጋሪው ገባ።

ጋሪ ነዳጅ ስንት ይበላል? ምንም። ጓድ ተክሌ የድሮ አስተማሪነቱ ተነሣበትና በባዶ ማካፈል አይቻልም አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ፈረሱ ለሚበላው ፉርሽካ አንድ ትንሽ ቁጥር ሰጠነው። ሠራተኛስ? አንድ ባለጋሪ። እሱም ግማሽ ቀን ጥላ ሥር ስለሚተኛ ያችኑ ትንሽ ቁጥር ሰጠነው። እንግዲህ በነዳጅ ቁጠባ ጋሪን ማን ይችለዋል? የግሪኩ መርከብ በሚኮራበት በዚያው ጎኑ ወደቀ። በሠራተኛ ማነስስ? የዩጎዝላቪያውም በሚኮራበት ወደቀ። የፓኪስታኑ ብቻ ቀረ። ብዙ በመሸከም የትኛውም ፈረስ አይደርስበትም። ሁለት ብቻ በሙሉ ነጥብ ቆሙ፤ ጋሪና የፓኪስታኑ መርከብ።

እያያችሁ ነው? ዘዴው ሠራ! ሦስት ሰዎች ተነሥተን ተጨባበጥን። ቃለ ጉባኤውን እኔው ጻፍኩ። ጋሪ የሚባለው ተወዳዳሪ ሙሉ ነጥብ ቢያገኝም ለሥራው ስለማይመች የፓኪስታኑ እንዲመረጥ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወስኗል። ስጽፈው ምንም አላሳቀኝም። ሐሳቤ ሁሉ የፓኪስታኑ መርከብ ስንት ቀን ይፈጅበታል የሚለው ላይ ነበር። ሱልጣንን ብጠይቀው “ትልቅ ነገር ቀስ ይላል” አለኝ።

ብዙ አልቆየም፣ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። የዋናው መሥሪያ ቤት የጨረታ ክፍል ኃላፊ ነው። የዚያን ጊዜ ስልክ እንደምታውቁት የሚጮኸው ለሁሉም ነው፤ ሙሉ ቢሮው ይሰማል። ሰውዬው፣ “ጋሪ የተባለው ተወዳዳሪ የየትኛው አገር ነው?” ብሎ ጠየቀ።

ጓድ ተክሌ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ አየን። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አሻጥር እንጂ። ሱልጣን “የእኛው ነው በሏቸው፤ ውሸት የለውም” ብሎ አንሾካሾከ።

“የአገር ውስጥ ነው፣ ጓድ” አለ ተክሌ።

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደስታ! የአገር ውስጥ! በነዳጅም በሰው ኃይልም የበለጠ! ታዲያ ለአገር ውስጥ ተወዳዳሪ ቅድሚያ ይሰጥ የሚል መመሪያ እያለ የውጭውን የመረጣችሁት በምን አንጀታችሁ ነው? አለ። ጓድ ተክሌ አቅሙ ያንሳል ብሎ ለመነ። “አቅሙን እንገነባለን! ስንት ያስፈልገዋል?” አለው። ሱልጣን ከወንበሩ ወርዶ እየሳቀ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ጋሪው ጨረታውን ሊያሸንፍ ነው! በጋሪ የሚመጣ ማዳበሪያ ደግሞ እንኳን ለሐምሌ ሥላሴ፣ ለልጅ ልጄም ክርስትና አይደርስም። የልጅ ልጅ የሚመጣው ደግሞ ብርቄ ካገባችኝ ነው።

በመጨረሻ ጓድ ተክሌ ትንፋሹን ሰብስቦ “ጓድ፣ ጋሪው ባሕር ላይ መሄድ አይችልም” አለ።

መስመሩ ሲንጫጫ ብቻ ይሰማል።

“የባሕር ፈቃድ የለውም ማለትህ ነው?”

“አዎን!” አለ ተክሌ፣ የሰመጠ ሰው ገመድ ሲወረውሩለት እንደሚይዝ። “ፈቃድ የለውም!”

“እንግዲያው እንዲህ ብላችሁ አትነግሩኝም? ተወዳዳሪው ራሱን ከውድድር አግልሏል ብላችሁ ጻፉ” አለና ዘጋው። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። የፓኪስታኑ መርከብ አሸነፈ። ጋሪው በዚያ ሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ ፉርሽካውን ይበላል።

ከዚህ በኋላ የሆነው መጠበቅ ነው። መርከቡ ተነሣ ተባለ። መንገድ ላይ ነው ተባለ። ግንቦት አለቀ፤ መንገድ ላይ ነው። ሰኔ ገባ፤ መንገድ ላይ ነው። የግሪኩን ሌላ መሥሪያ ቤት ተከራይቶት ግንቦት ላይ አሰብ ደርሶ አራግፎ ተመልሷል አሉ። ሱልጣን ይህን የነገረኝ ሊያጽናናኝ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት አላናገርኩትም።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም አትንገሩ። በዚያ ሰኔ ዝናቡ ቀረ። የናዝሬት ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል። በየቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ ነው፤ በየመስጊዱ ዱዓ ነው። እኔም ሽቅብ አያለሁ። እኔ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳየው ደስ ይለኛል። ዝናብ ካልጣለ አይዘራም፤ ካልተዘራ ማዳበሪያ ዘገየ አይባልም። ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ገበሬ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። ምሕላ ላይ ቆሜ “ጌታ ሆይ ዝናቡን አውርድ” እላለሁ፤ ከሥር ቀስ ብዬ “ግን መርከቡን አስቀድም” እጨምራለሁ። እግዜር ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

መርከቡ አሰብ የደረሰው ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ቀን ሱልጣንን ታረቅሁት። ታርቄም አላበቃሁ፤ ጭነቱን ሊያመጣ ሲወርድ ተለማመጥኩት፣ ለመንኩት፣ ስሙን በቁልምጫ ጠራሁት። ሱልጣን ደግሞ ሲንቀሳቀስ ሰው ነው። ሹፌሮቹን ይዞ የአሰብን በረሃ እንዴት እንዳቋረጠው እሱ ነው የሚያውቀው። ናዝሬት እንኳ በወጉ አላደረም። የሁሩታ ድርሻ በቀጥታ ወደ ሁሩታ ይሂድ አለና እኔን ጋቢና አስገብቶ የአሰላን መንገድ ያዝን።

የሥላሴ ዋዜማ ነው። ዴራን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ጠብ አለች። ሱልጣን “ወፍ ናት” አለ። ሌላ ጠብ አለ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ! ሁሩታ ስንገባ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ውኃ፣ ሕዝቡ ሁሉ ውጭ ነው። ጋሽ ደገፋ በባዶ እግራቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ከፊት ይሮጣሉ። መኪናውን ሲያዩ ቆሙ። ከኋላው ሌላ ሲያዩ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ያ ከሩቅ የሚሰማው ሳቃቸው መጣ። ገበሬው ጆንያውን ከዝናብ ሊያድን ተረባረበ፤ ነጠላውም፣ ጋቢውም፣ ዣንጥላውም ሁሉ ማዳበሪያ ላይ ሆነ። እኔ የማለቅሰውን ዝናቡ ሸፈነልኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሁሩታ ማዳበሪያ ማስቀመጫ መጋዘን አልነበራትም። ግንቦት ላይ መጥቶ ቢሆን ሜዳ ላይ ይከመርና የበጋው ፀሐይ ይፈጀው ነበር። ዝናቡ የዘገየውን ያህል መርከቡ ዘገየ። በዚያ ዓመት ናዝሬት ውስጥ ያልተመሰገነ አልነበረም። ጓድ ተክሌ መመሪያ በማክበሩ የምስጋና ወረቀት ወሰደ። መላኩ ከወባው ተነሥቶ ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ መልሶ ሊታመም ምንም አልቀረው፤ ቆይቶ ግን ስሌቱ ትክክል ነው፣ ስህተቱ የፈረሱ ነው አለ። አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ላይም ዘዴውን አብራርቶ ተጨበጨበለት። ጋሪውን ግን አላነሣውም። ሱልጣንማ ዛሬም ድረስ መርከቡን የነዳው እሱ ይመስለዋል።

በዚያው ማታ ጋሽ ደገፋ ቤት ገብተን እሳት ዳር ተቀመጥን። ብርቄ ለክረምት እረፍት ከናዝሬት መጥታ ነበር፤ እናቷ አጠገብ ሆና አጎንብሳ ትስቃለች። ጋሽ ደገፋ ደረቅ ጋቢ አለበሱኝና ጎናቸው አስቀመጡኝ።

“ያ ጉርባ” አሉኝ፣ በኦሮምኛ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው፣ “ከዝናቡ ጋር ቀጠሮ የያዘ መርከብ እንዴት አድርጋችሁ ነው የመረጣችሁት?”

ሰው እውነት የሚናገርበት ሰዓት አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሚኮራበት ጎኑ መታየቱን፣ ሦስቱም አንደኛ መውጣታቸውን፣ ተወዳዳሪ ስናጣ ጋሪ መጨመራችንን፣ ጋሪው የሁለቱን ኩራት መስበሩን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደገፋ እንባቸውን ጠረጉና ድንገት ኮስተር አሉ። እኔም ደነገጥኩ።

“ቆይ እስቲ” አሉ። “ተወዳዳሪ ከሌለ ማንም አንደኛ ይወጣል አላልክም? ልጄን የጠየቅኸኝ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ታዲያ አንተን በምን አወዳድሬ ልስጥ? እኔም እንደናንተ አንድ ጋሪ ልጨምርበት እንዴ?”

የምኮራበት ጎን ፈለግሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ብቻ ትዝ አለኝ።

ብርቄ ያን ጊዜ ቀና አለች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ ጭቃ ጫማዬ አስተውላ አየችኝ።

“ተው አባዬ” አለች፣ “ጋሪ ከጨመርክበትማ እኔም ሳላገባ መቅረቴ ነው።”